አናይሪን ቤቫን እና የሐኪም ቤት ተራ

በሽታ ባለጸጋና ድኻ አይለይም፤ ሕክምናው ግን ብዙ ዘመን ሲለይ ኖሯል። ይህን ልዩነት በብሪታንያ ለማጥፋት ከደከሙት ሰዎች መካከል ስማቸው አስቀድሞ የሚነሣውን የሚስተር አናይሪን ቤቫንን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ ኤውሮጳውያን ነው።

ሚስተር ቤቫን በ1897 ዓ.ም. ትሬዴጋር በምትባል የዌልስ ከተማ ከድንጋይ ከሰል ቈፋሪ ተወለዱ። አንደበታቸው ይንተባተብ ነበር። ገና በልጅነታቸው ትምህርታቸውን ትተው ወደ ከሰሉ ጒድጓድ ወረዱ። አባታቸውም የከሰሉ አቧራ ሳንባቸውን ጐድቶት በ1925 ዓ.ም. ሞቱ። በትሬዴጋር ሠራተኞቹ ከእያንዳንዱ ፓውንድ ደመወዛቸው 3 ፔኒ እያዋጡ ሐኪም የሚቀጥሩበት ማኅበር ነበራቸው። ሚስተር ቤቫንም በከተማይቱ ሐኪም ቤት ኮሚቴ ውስጥ ሠርተዋል። ስለዚህ ዕቅዳቸው ከመጽሐፍ ብቻ የተቀዳ አልነበረም።

በ1929 ዓ.ም. ለፓርላማ ተመረጡ። በ1945 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር አትሊ የጤና ጥበቃ ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው፤ የሕክምናው ሕግም በተከታዩ ዓመት ወጣ። ነገር ግን በ1948 ዓ.ም. መጀመሪያ የሐኪሞች ማኅበር ድምፅ ሲያሰጥ ከ10 ሐኪሞች 9 ያህሉ ተቃወሙ። ሚስተር ቤቫን ለማስማማት ሲሉ ስፔሻሊስቶቹ በመንግሥት ሐኪም ቤት ውስጥ በግል የሚከፍል በሽተኛ ጭምር እንዲያክሙ ፈቀዱ። ሥራው በዚህ ስምምነት ተቃና፤ ገንዘብ ያለው ሰው ተራ የሚዘልበት የጓሮ በር ግን ሳይዘጋ ቀረ።

ጁላይ 5 ቀን 1948 ዓ.ም. በእንግሊዝና በዌልስ ብቻ ከ2,600 በላይ ሐኪም ቤቶች በመንግሥት እጅ ገቡ፤ ሕክምናም ያለ ክፍያ ሆነ። በዚያን ጊዜ ሐኪም ቤት ለመግባት ተራ የሚጠብቀው ሰው ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነበር። ገንዘብ በማጣት ሕመማቸውን ሸሽገው የኖሩ ሁሉ ብቅ አሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ5 ሚሊዮን በላይ መነጽር ታደለ። እንግዲህ የተራው መርዘም የበሽታ መብዛት ምልክት ብቻ አልነበረም፤ ቀድሞ በየቤቱ ሳይቈጠር ይሠቃይ የነበረው ሰው አሁን በመዝገብ መግባቱ ነበር።

ወጪው ግን ከታሰበው በላይ ሆነ። በ1951 ዓ.ም. መንግሥት ለጦር መሣሪያ ገንዘብ ፈልጎ በመነጽርና በሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ ክፍያ ሲጥል፣ በዚያን ጊዜ የሥራ ሚኒስትር የነበሩት ሚስተር ቤቫን ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ጁላይ 6 ቀን 1960 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሥራቸው ከተጀመረ 12 ዓመት ከአንድ ቀን ሆኖት ነበር።

ተራው ከእርሳቸው በኋላም አላለቀም። በ2004 ዓ.ም. መንግሥት ማንም በሽተኛ ከ18 ሳምንት በላይ እንዳይጠብቅ ግብ አወጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ተሳካለት። ነገር ግን ከ2020 ዓ.ም. ወረርሽኝ በኋላ መዝገቡ አብጦ በ2023 ዓ.ም. መስከረም በእንግሊዝ ብቻ ከ7.7 ሚሊዮን በላይ ሕክምና ይጠበቅ ነበር።

ወጣት ተማሪዎችና ሹማምንት ከዚህ ታሪክ የሚማሩት አለ። ሕግ ማውጣት የሥራው መጀመሪያ ነው፤ ሐኪሙ፣ አልጋውና ገንዘቡ ካልተከተሉ ነጻ ሕክምና የተስፋ ወረቀት ይሆናል። የተራ መዝገብ የያዘ ሠራተኛም በእጁ ያለው ተራ ወረቀት አይደለም፤ የሰው ዕድሜ ነው። ሕመሙ የጸናበትን አስቀድሞ፣ ዘመድና ጒርሻ ያለውን ከተራው ሳያሳልፍ ቢሠራ፣ ሚስተር ቤቫን ሳይዘጉት የቀረውን የጓሮ በር እርሱ በበኩሉ ዘጋ ማለት ነው።