ሕመሙን የሚያውቅ ሐኪም

ደረቱን ሲወጋው ብርድ መታኝ ወይም ጨጓራዬ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው በየቤታችን አይጠፋም። ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ሰው ግን የገዛ ደረቱን ሕመም 20 ዓመት ሙሉ ሲከታተል የኖረ ሐኪም ነው። ጆን ሐንተር ይባላል።

ሐንተር እ.ኤ.አ. በ1728 ስኮትላንድ ውስጥ ተወለደ። ለቤቱ አሥረኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት አልሆነለትም፤ ክፍል ከመቀመጥ ይልቅ ንብና ወፍ ሲያይ መዋል ይወድ ነበር። በ1748 ለንደን ገብቶ አናቶሚ የሚያስተምረው ታላቅ ወንድሙ የዊሊያም ረዳት ሆነ። ሥራው ሬሳ እየከፈቱ ለትምህርት ማዘጋጀት ነበር። ሬሳው ከየት ይመጣል ከተባለ መልሱ አያኮራም፤ በዚያ ዘመን ከመቃብር እየተሰረቀ ይሸጥ ነበር። ያም ሆኖ ሐንተር በዓይኑ ያላየውን የማይቀበል ተመራማሪ ወጣው። በ1768 የለንደኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ሆነ። የሰበሰባቸውን ወደ 14,000 የሚጠጉ የሰውና የእንስሳት አካላት ከሞተ በኋላ፣ በ1799፣ መንግሥት በ15,000 ፓውንድ ገዝቷቸዋል።

ሕመሙ የጀመረው በ1773 ነው። እየቆየ ይመላለስበት ጀመር፤ በተለይ ሲናደድ ይነሳበታል። ሐንተር ደግሞ ቁጡ ነበር። ሊያናድደው የፈለገ ሰው ሁሉ ሊገድለው እንደሚችል ራሱ ይናገር ነበር ይባላል።

ሕመሙ አንጃይና ነው። ልብ ለሰውነት ሁሉ ደም ስትረጭ ለራሷ ጡንቻም ደም ያስፈልጋታል። ይህን የሚያደርሱት ደም ቅዳ ቧንቧዎች በውስጣቸው ስብና ካልሲየም እየተጋገረ ሲጠቡ፣ ሰውየው ዐርፎ ሲቀመጥ ደሙ ይበቃል። ዳገት ሲወጣ ወይም ሲቆጣ ግን ልብ ትፈጥናለች፣ ደሙ ያንሳታል፣ ደረት ይጨመቃል። ሲያርፍ ይለቀዋል። ቧንቧው ጨርሶ ሲደፈን ግን ጡንቻው መሞት ይጀምራል።

ይህን ያኔ ማንም በቅጡ አያውቅም ነበር። ዊሊያም ኸበርደን የተባለ ሐኪም በ1768 ለሕመሙ ስም ቢሰጠውም መነሻውን አላገኘውም። ፍንጩን ያገኘው የሐንተር ተማሪ የነበረው ኤድዋርድ ጄነር ነው፤ በ1796 የፈንጣጣን ክትባት የሞከረው ማለት ነው። ጄነር በዚህ ሕመም የሞተ ሰው ልብ ሲከፍት ቢላው ጠጣር ነገር መታ። ከአሮጌው ጣሪያ የወደቀ ልስን መስሎት ቀና ብሎ አየ። ለካስ ቧንቧው ራሱ እንደ አጥንት ደርቆ ኖሯል!

ታዲያ ጄነር የመምህሩም ሕመም ይኸው እንደሆነ ጠረጠረ። ግን መድኃኒቱ አይታወቅም። ሐንተር እንዳይደነግጥ ብሎ በሕይወት እያለ ግኝቱን ሳያሳትም ቀረ።

ጥቅምት 16 ቀን 1793 (እ.ኤ.አ.) ሐንተር በሆስፒታሉ ስብሰባ ላይ ስለ ተማሪዎች አቀባበል ሲከራከር አንዱ ተቃወመው። ተናዶ ወደሚቀጥለው ክፍል ወጣ፤ እዚያው ወድቆ ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር የልቡ ቧንቧዎች ጄነር እንደጠረጠረው ደርቀው ተገኙ። የጄነር ግኝት በወዳጁ በካሌብ ፓሪ መጽሐፍ ታትሞ የወጣው በ1799 ነው።

እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለሆንኩ የጄነር ዝምታ ያሳስበኛል። ያወቁትን ለሕዝብ ማድረስ ነው የምንማረው። ግን ያኔ ለሐንተር ቢነገረው ከመጨነቅ በቀር ምን ያደርግ ነበር? በጄነር አልፈርድም። ዛሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከምላስ ሥር የሚደረግ መድኃኒት አለ፣ የደም ግፊትን መቆጣጠርና ሲጋራ ማቆም ይቻላል፣ የጠበበ ቧንቧም ይከፈታል። በኛ አገር ታማሚው እንዳይደነግጥ እያልን ምርመራውን ለዘመድ ብቻ መንገር የተለመደ ነው። መፍትሔ ባለበት ጊዜ ይህ ርኅራኄ አይመስለኝም፤ በሽተኛው ራሱን የሚጠብቅበትን ዕድል መንጠቅ ነው።

ስለዚህ ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚጨንቀው፣ ሕመሙም ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሚሄድ ዘመድ ካላችሁ ሳትደብቁ ንገሩት፤ ወደ ሐኪምም ውሰዱት። ዐርፎም ካልለቀቀው አንድ ደቂቃ አታዘግዩት። ቸር እንሰንብት!