በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትና ሃምሳ አምስቱ አንቀጾች

የዛሬው ባለ ታሪካችን ሙስሊም አልነበሩም። እንዲያውም ከካዛንቺስ ሽቅብ ባለው ቤተ መንግሥት፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ወደ እስልምና አዘንብለዋል ተብለው ከሥልጣን ሲወርዱ ከዋነኞቹ ቀስቃሾች አንዱ ነበሩ። ለዚህም ነው ታሪካቸውን ስንቶቻችን እንደ ዘለልነው የሚገርመኝ፤ የአገሪቱ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት የእሳቸው እጅ ሥራ ነውና።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ተወለዱ። ከዓድዋ ድል በኋላ፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ ሊዮንቲየፍ የሚባል ሩሲያዊ መኮንን ወደ አገሩ ወሰዳቸው። እዚያ የተማሩት የመድፈኛ ሙያ ነው። (መድፍ ሒሳብና ሜካኒክስ ስለሆነ የኢንጂነሪንግ ልጆች ከወገናችን ብንቆጥራቸው ማን ይከለክለናል?) ሲመለሱ የአገራቸው አስተዳደር አላስደሰታቸውም፤ ሹማምንቱን በእንስሳት ተረት የሚሸነቁጥ «ፋቡላ» የተባለ ተውኔት ጻፉ። የአማርኛ ተውኔት መጀመሪያ የሚባለው እሱ ነው፤ ወዲያውም ታገደ።

ከዚያ ሹመት መጣ። ጅጅጋን፣ ኋላም ጨርጨርን ገዙ፤ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም የሆነበት አገር ማለት ነው። አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮ፣ የቆረቆሩት እሳቸው ናቸው።

ሕገ መንግሥቱ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ታወጀ። አርአያው የጃፓኑ የሜጂ ሕግ ሲሆን 55 አንቀጾች አሉት። ሁለት ምክር ቤቶች ቢያቋቁምም ሥልጣኑን ሁሉ በንጉሡ እጅ ተወው። ቤት ያለ ሕግ እንዳይበረበር፣ ደብዳቤ እንዳይከፈት ይላል። ስለ ሃይማኖት ነፃነት ግን አንድም አንቀጽ የለውም። እኔ ቅር የሚለኝ እዚህ ላይ ነው፤ ጨርጨርን ያህል አገር የገዛ ሰው ይህን ማሰብ አያቅተውም ነበር። በሌላ በኩል በዚያ ዘመን፣ በዚያ ቤተ መንግሥት፣ ረቂቁ ላይ ቢጽፉት ይተዉላቸው ነበር ወይ?

በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲመጣ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ የተከራከሩት እሳቸው ናቸው። ጣልያን ኢትዮጵያን በባርነት ስትከስ መልስ የሰጡም እሳቸው። ሙግቱ አገር አላዳነም። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር መውጣታቸውን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ቂሙም ቀረ። ራሳቸው ረጅም የስደት ዘመን በማዳጋስካር አሳለፉ። ሲመለሱ ሹመት አልፈለጉም፤ ሂርና ወዳለው እርሻቸው ገቡ። በሕግ ያጸኑት ዘውድ በ1967 ዓ.ም. ሲሻር በሕይወት ነበሩ። ያረፉት በ1969 ዓ.ም. ነው።