ስለ አውግስጢኖስና ስለ ልብ ዕረፍት

አውግስጢኖስ በሰሜን አፍሪካ፥ ታጋስቴ በምትባል ከተማ በ354 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተወለደ። ያ ስፍራ ዛሬ አልጄርያ በሚባለው አገር ውስጥ ይገኛል፤ በዚያ ዘመን ግን አገሩን የሮሜ መንግሥት ይገዛው ነበር። አባቱ ጳጥሪቅዮስ ጣዖት አምላኪ ነበረ። እናቱ ሞኒካ ግን ክርስቲያን ነበረች፤ ስለ ልጅዋም ሌሊትና ቀን ትጸልይ ነበር።

በልጅነቱ ጨዋታ አብዝቶ ስለ ወደደ መምህሩ ይገርፈው ነበር። እርሱም በትምህርት ቤት እንዳይገረፍ እግዚአብሔርን ይለምን ነበር። የጽርእን ቋንቋ መማር እጅግ ይጠላ ነበር። ልጆች ሆይ፥ ንባብ ሲከብዳችሁ ይህን አስቡ፤ ይህ ልጅ በኋላ ብዙ መጻሕፍት ጽፎ እስከ ዛሬ ይነበብለታል።

ካደገ በኋላ በካርታጎ ከተማ የንግግርን ጥበብ ተማረ፤ ከጓደኞቹም በለጠ። ሰው ሲያመሰግነው ደስ ይለው ነበር፤ ነገር ግን ደስታው አያድርም ነበር። እውነትን እናውቃለን የሚሉትን የማኒን ወገኖች ተከትሎ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየ፤ በእነርሱም ዘንድ ዕረፍትን አላገኘም። በ383 ወደ ሮሜ ለመሄድ በተነሣ ጊዜ እናቱ እንዳይለያት እየለመነች እስከ ባሕር ዳር ተከተለችው። እርሱ ግን ወዳጁን ለመሸኘት የመጣ አስመስሎ አታለላት፤ እርስዋ በጸሎት ቤት ስትጸልይ በሌሊት በመርከብ ሄደ። በማለዳም መርከቡን ባጣች ጊዜ በባሕሩ ዳር ቆማ አለቀሰች።

በሚቀጥለው ዓመት በሚላኖ የንግግር መምህር ሆኖ ተሾመ። ሚላኖ በዚያን ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ነበረችና በመንግሥት ወጪ ተጉዞ በክብር ገባ። አንድ ቀን ንጉሠ ነገሥቱን የሚያመሰግን ንግግር ሊያሰማ ተሰናዳ። ንግግሩ ሐሰት የበዛበት ነበረ፤ የሚሰሙትም ሐሰት መሆኑን እያወቁ ሊያደንቁት ነበር። በዚህ ነገር ልቡ ታውኮ በመንገድ ሲያልፍ አንድ ለማኝ ጠጥቶ ሲስቅና ሲጫወት አየ። አውግስጢኖስም ይህ ድሀ በጥቂት ገንዘብ ያገኘውን ደስታ እርሱ በብዙ ድካም እንዳላገኘ ለጓደኞቹ እያዘነ ነገራቸው። በእርግጥ የሰካራም ደስታ እውነተኛ ደስታ አይደለም፤ ሲነጋ ያልፋል። የአውግስጢኖስ ጭንቀት ግን በእንቅልፍ የሚለቅ አልነበረም።

በዚያች ከተማ አምብሮስዮስ የሚባል ጳጳስ ነበረ። ብዙ ሰዎች በጉዳያቸው ይከቡት ነበር፤ ጥቂት ጊዜ ባገኘ ቍጥር ግን መጽሐፍ ገልጦ ድምፅ ሳያሰማ በዓይኑ ብቻ ያነብ ነበር። በሩ ለሁሉ ክፍት ነበርና አውግስጢኖስ ገብቶ ዝም ብሎ ይመለከተው፥ ሳያናግረውም ይወጣ ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ጮኾ ያነብ ስለ ነበረ ነገሩ አስደነቀው። እኔም በልጅነቴ ዳዊት ስማር ጩኸታችን ከወንዝ ማዶ ይሰማ ነበርና በመደነቁ አልፈርድበትም። ነገር ግን አውግስጢኖስን የሳበው የንባቡ ዓይነት ብቻ አይመስለኝም፤ በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል የዚያ ሰው ልብ ጸጥ ማለቱ ነው።

በ386 ከአፍሪካ የመጣ አንድ የቤተ መንግሥት ሹም ስለ ግብጻዊው ስለ አባ እንጦንስ ነገረው። እንጦንስ ሀብቱን ለድሆች ሰጥቶ ወደ በረሓ መውጣቱን በሰማ ጊዜ አውግስጢኖስ በራሱ አፈረ። ትምህርት የሌለው ሰው እግዚአብሔርን ታምኖ ሁሉን ሲተው፥ የተማረው እርሱ ክብሩን መተው አቅቶት ነበርና። ከወዳጁ ከአሊጲዮስ ጋር ወደ አትክልቱ ስፍራ ወጣ፤ ከዚያም ብቻውን ፈቀቅ ብሎ በበለስ ዛፍ ሥር ወድቆ አለቀሰ። በዚያን ጊዜ በጎረቤት ቤት አንድ ሕፃን፥ መጽሐፍ አንሥቶ ማንበብን የሚያዝዝ ዜማ ደጋግሞ ሲያዜም ሰማ። ይህን የእግዚአብሔር ትእዛዝ አድርጎ ተቀበለ፤ ፈጥኖም የሐዋርያውን የጳውሎስን መልእክት ገልጦ ዓይኑ ያረፈበትን ክፍል አነበበ። ስካርንና ጠብን ትቶ ክርስቶስን እንዲለብስ የሚመክር ቃል ነበረ። ከዚያ ወዲያ ማንበብ አላስፈለገውም። በራሱ ብልሃት መታመንን ትቶ በእግዚአብሔር ታመነ፤ ልቡም ዐረፈ። ወዲያው ገብቶ ለእናቱ ነገራት። ሹመቱንም ተወ፤ በ387 በትንሣኤ በዓል አምብሮስዮስ አጠመቀው። ሞኒካም የለመነችውን ካየች በኋላ በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ሲመለሱ በኦስትያ ወደብ ዐረፈች።

አውግስጢኖስ በአገሩ ከወዳጆቹ ጋር በጸሎትና በመጻሕፍት በጸጥታ ሊኖር ወድዶ ነበር። በ391 ግን ወደ ሂፖ ከተማ በሄደ ጊዜ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይዘው ቄስ እንዲሆን ግድ አሉት፤ እያለቀሰም ተሾመ። በኋላ የዚያች ከተማ ጳጳስ ሆኖ ከ30 ዓመት በላይ አገለገለ። ሰዎች ስለ ወርቅ፥ ስለ መሬትና ስለ ከብት እየተካሰሱ ወደ እርሱ ይመጡ ነበር፤ አንዳንድ ቀን እህል ሳይቀምስ ሲፈርድ ይውል ነበር። እንደ ፈቃዱ ቢሆን ያን ጊዜ ለንባብ ባዋለው ነበር፤ ነገር ግን አልሸሸም። የቀድሞ ስሕተቱንም ሁሉ፥ እናቱን ማታለሉን እንኳ ሳይቀር፥ በመጽሐፍ ጻፈው።

በ430 ቫንዳሎች የሚባሉ ሕዝብ አፍሪካን ወርረው ሂፖን ከበቡ። በሦስተኛው ወር አውግስጢኖስ በትኩሳት ታመመ፤ ዕድሜው 75 ዓመት ነበረ። ከቅጥሩ ውጭ ጠላት፥ በውስጡም ስደተኞች ነበሩ። እርሱም ከዳዊት መዝሙር ጥቂት የንስሐ መዝሙራት አጽፎ በአልጋው ፊት ለፊት በግድግዳ ላይ አሰቀለ፤ ሐኪሞች ከሚገቡበትና ምግብ ከሚመጣለት ሰዓት በቀር ማንም እንዳይገባ አዘዘ። ዐሥር ቀን ያህል ተኝቶ እያነበበና እየጸለየ ቆየ፤ ኦገስት 28 ቀን ዐረፈ። የሚያወርሰው ገንዘብ አልነበረውምና ስለ ውርስ ምንም አልጻፈም፤ የቤተ ክርስቲያኑ መጻሕፍት ግን ለሚመጡት ሰዎች በጥንቃቄ እንዲጠበቁ አዝዞ ነበር።