ሻርል ደ ፉኮ፤ የበረሃው ተራራ መንገደኛ

የተራራ ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው ከሁሉ የሚበልጠውን ነው። በበረሃ መካከል የቆመውን፥ ስሙን ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁትን ተራራ ለመውጣት የሚደክም ግን ብዙ አይገኝም። ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ ፈረንሳዊው ሻርል ደ ፉኮ ስለ ሆነ፥ የሕይወቱን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ለማቅረብ ወደድን። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሻርል በ1858 ዓ.ም. በስትራስቡርግ ከተማ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለደ። ስድስት ዓመት ሳይሞላው አባትና እናቱ ሞቱበትና አያቱ አሳደገው። በወጣትነቱ ሃይማኖቱን ተወ፤ የጦር መኰንን ከሆነም በኋላ የወረሰውን ገንዘብ በግብዣና በተድላ አባከነ።

በ1882 የጦሩን ሥራ ለቀቀና ሞሮኮን ለመመርመር ተነሣ። በዚያን ጊዜ ያገሩ ብዙ ክፍል ለአውሮፓ ክርስቲያን ዝግ ነበር፤ ማንነቱ የታወቀበት መንገደኛ በሕይወት የመመለሱ ነገር ያጠራጥራል። ስለዚህ የአይሁድ መምህር ልብስ ለብሶ፥ ማርዶሼ የተባለ አይሁዳዊ መንገድ መሪ ይዞ በጁን 1883 ገባ። ከመዳፍ ያነሰች ደብተር በግራ እጁ ደብቆ፥ ከጓደኞቹ ቀደም ወይም ኋላ እያለ ያየውን በአጭር እርሳስ ይጽፍ ነበር። አሥራ አንድ ወር ተጉዞ ሲመለስ 2,250 ኪሎሜትር አዲስ መንገድ በካርታ አንሥቶ፥ 3,000 ያህል ከፍታዎች ለክቶ ተገኘ። በ1885 የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው።

እንግዲህ ክብር አገኘ፤ ልቡ ግን አላረፈም። የእስላሞች ጸሎት በጉዞው ላይ እጅግ ነክቶት ስለ ነበር ስለ እግዚአብሔር ማሰብ ጀመረ። በ1886 ወደ ሃይማኖቱ ተመለሰ፤ በ1890 መነኰሰ፤ በ1901 ቅስና ተቀበለ። በ1905 ደግሞ በሳሃራ በረሃ፥ በሆጋር ተራሮች ሥር ወደምትገኘው ወደ ታማንራሰት ሄዶ በቱዋሬጎች መካከል ተቀመጠ።

በ1908 መጀመሪያ ታምሞ ለሞት ተቃረበ። ዘመኑ የድርቅ ስለ ነበር ያለውን እህል ለችግረኞች አከፋፍሎ ጨርሷል። ቱዋሬጎቹ ራሳቸው እየተራቡ፥ ካሉት ጥቂት ፍየሎች ወተት እየለመኑ አጠጡትና አዳኑት። ሊረዳ የመጣው ሰው ተረድቶ ተነሣ።

በ1911 አሴክሬም በተባለው ተራራ ላይ፥ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ፥ ትንሽ የድንጋይ ቤት አሠርቶ ወጣ። አሴክሬም ከሆጋር ተራሮች የሚበልጠው አይደለም። ታሃት የተባለው ይበልጠዋል። እሱ ግን የመረጠው ዘላኖቹ በበጋ ከብታቸውን ይዘው ወደዚያ ስለሚወጡ ነው። እንደ መርፌ በቆሙት አለቶች መካከል፥ በነፋስና በብርድ እየተቀመጠ እንግዶቹን ይቀበልና የቋንቋቸውን መዝገበ ቃላት ይጽፍ ነበር። ከወራት በኋላ ወደ ታማንራሰት ወረደ።

በዲሴምበር 1 ቀን 1916 ሽፍቶች በቤቱ ደጃፍ ይዘውት ሳለ፥ የሚጠብቀው ልጅ ደንግጦ በጥይት ገደለው። ወደ ሃይማኖቱ ያመጣው ሰው የለም ማለት ይቻላል። መዝገበ ቃላቱ ግን በ1951 እና በ1952 በአራት ክፍል ታተመ፤ በ2022ም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ብላ ሰየመችው።

ይህ ሰው የአገሩን የፈረንሳይን ገዥነት በአፍሪካ ይደግፍ ነበርና፥ እኛ አፍሪካውያን ይህን አንሸፍንለትም። ሆኖም ከሁለቱ ጉዞዎቹ አንድ ትምህርት እናገኛለን። በመጀመሪያው ተራራ ለክቶ ሜዳይ ተቀበለ፤ በሁለተኛው ስለ ሰዎቹ ሲል ተራራ ወጣ። እኛም ዘንድሮ ትምህርታችንን ፈጽመን ወደ ሩቅ ወረዳ ብንላክ፥ ስፍራው ስም የለውም ብለን አንናቀው። ከመለካታችን በፊት ቋንቋቸውን እንማር፤ የሚያቀርቡልንንም ወተት በትሕትና እንቀበል።