ያልታመነው መርከበኛና የታመነው አምላክ፤ የቄስ ጆን ኒውተን ታሪክ

በመዝሙር መጻሕፍት ውስጥ ስማቸው ከመዝሙሩ ግርጌ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ከምናያቸው ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ቄስ ጆን ኒውተን ነው። ስለ አስደናቂው ጸጋ የጻፈው መዝሙር በዓለም ዙሪያ በብዙ ቋንቋ ይዘመራል። መዝሙሩን የሚያውቁ ብዙዎች ሲሆኑ የደራሲውን ሕይወት በሙሉ የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። ታሪኩ ከመድረክ ላይ ሲነገርም ብዙ ጊዜ አሳጥረውና አሳምረው ይነግሩታል፤ ይኸውም የባሪያ ነጋዴ የነበረ ሰው በባሕር ላይ ማዕበል ሲነሣበት ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፣ በዚያውም ቀን ንግዱን እርግፍ አድርጎ ተወ ይባላል። ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። እውነተኛው ታሪክ ካማረው ታሪክ ይልቅ ያሳፍራል፤ ስለ እግዚአብሔር ምሕረት ግን አብልጦ የሚናገር እርሱ ነው ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ኒውተን በ1725 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር ዋፒንግ በሚባለው የመርከበኞች ሰፈር ተወለደ። አባቱ በሜዲትራኒያን ባሕር የሚነግድ የመርከብ አዛዥ ነበረ። እናቱ ኤልሳቤጥ እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት ነበረች፤ ልጅዋንም ገና በሕፃንነቱ ቅዱሳት መጻሕፍትን፣ የሃይማኖትን ትምህርት በጥያቄና መልስ፣ መዝሙራትንም በቃሉ አስጠናችው። ምኞቷ ልጅዋ የወንጌል አገልጋይ ሆኖ ለማየት ነበረ። ነገር ግን በሳንባ ነቀርሳ ታማ፣ ልጁ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በ1732 ዓ.ም. ዐረፈች። አባቱ ሌላ ሚስት አገባ፤ ልጁም በዐሥራ አንድ ዓመቱ ከአባቱ ጋር ወደ ባሕር ወጣ።

ወጣትነቱ መሐላ መማልና መሐላ ማፍረስ ነበረ። ይጾማል፣ ይጸልያል፣ መጽሐፍ ያነባል፤ ጥቂትም ቆይቶ ሁሉን ይጥላል። በ1742 ዓ.ም. መጨረሻ በኬንት አውራጃ በቻታም ከተማ ሜሪ ካትሌት የምትባል ልጃገረድ አይቶ ወደዳት፤ ይህም ፍቅር ሌላው ሁሉ ከልቡ ሲጠፋ አልጠፋም። በ1744 ዓ.ም. በግድ ታፍሶ ሃርዊች በምትባል የንጉሡ የጦር መርከብ ላይ እንዲያገለግል ተደረገ። በዚያም እምነትን የሚንቅ ጓደኛ አገኘና እናቱ ያስተማረችውን ሁሉ ካደ። መካድ ብቻ አልበቃውም፤ ሌሎችንም ለማስካድ ይተጋ ነበር። ከመርከቢቱ ኮብልሎ ተያዘ፤ በመርከበኞች ሁሉ ፊት ተገረፈ፣ ከማዕረጉም ወረደ። በኋላም ወደ አፍሪካ ወደምትሄድ የባሪያ ንግድ መርከብ ተዛወረ።

በምዕራብ አፍሪካ፣ በሴራሊዮን ጠረፍ አጠገብ ባሉት በፕላንቴን ደሴቶች፣ አንድ እንግሊዛዊ የባሪያ ነጋዴ ዘንድ ተቀጠረ። ሀብት አገኛለሁ ብሎ ነበር፤ ያገኘው ግን ውርደት ነው። በንዳድ ታሞ በወደቀ ጊዜ የነጋዴው አፍሪካዊት ባለቤት ናቀችው፤ የሚጠጣ ውኃ እንኳ በችግር ያገኝ ነበር። በሌሊት እየተሳበ ወጥቶ ከመሬት ሥር እየነቀለ በጥሬው ይበላ ነበር። በዚያ ጊዜ የራሩለት እነማን ነበሩ? በሰንሰለት የታሰሩት ባሪያዎች ናቸው። ለራሳቸው ከማይበቃቸው ምግብ ከፍለው፣ ጌቶቻቸው እንዳያዩ ተሸሽገው አበሉት። ይህን ኒውተን ራሱ በኋላ ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ መስክሯል። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ምክንያቱም የሚቀጥለውን ታሪክ ሁሉ ከዚህ ተነሥተን ካልመዘንነው በትክክል አንመዝነውም። የመጀመሪያውን ምሕረት በአፍሪካ የቀመሰው ሊሸጡ ከታሰሩ ሰዎች እጅ ነበረ።

አባቱ ልጄን ፈልጉልኝ ብሎ ወደዚያ አገር ለሚሄዱ መርከበኞች አደራ ሰጥቶ ስለ ነበር፣ ግሬይሃውንድ የምትባል መርከብ ኒውተንን አግኝታ አሳፈረችው። መርከቢቱ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሰምና ለቀለም የሚሆን እንጨት ትጭን ነበር። በጉዞው ላይ ኒውተን የእግዚአብሔርን ስም ሲሳደብ የሰሙት ሸካራ መርከበኞች እንኳ ይዘገንናቸው ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ጊዜ ለማሳለፍ ብሎ ቶማስ አ ኬምፒስ ክርስቶስን ስለ መምሰል የጻፈውን መጽሐፍ አነሣ፤ ይህ ሁሉ እውነት ቢሆንስ የሚል አሳብም በድንገት መጣበት። መጽሐፉን ዘጋው።

በመጋቢት ወር 1748 ዓ.ም. በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ በሌሊት፣ ታላቅ ማዕበል መርከቢቱን መትቶ በአንድ ወገን ሰባበራት። ኒውተን ከተኛበት ነቅቶ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል አዛዡ ቢላዋ አምጣ ብሎ መለሰው፤ በእርሱ ፋንታ የወጣውን ሰው ወዲያው ማዕበሉ ጠርጎ ወሰደው። ከሌሊቱ ጀምሮ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ውኃ ሲቀዳ ዋለ። ሲደክም ሳለ እግዚአብሔር ይማረን የሚል ቃል ሳያስበው ከአፉ ወጣ፤ ወዲያውም ለእኔ ዓይነቱ ምን ምሕረት አለ ብሎ በራሱ ቃል ደነገጠ። ከዚያም በመሪው ላይ እንዲቆም ተደረገ፤ በዚያም ሰዓታት ሙሉ ቆሞ የካደውን፣ ያላገጠበትን፣ እናቱም ያስተማረችውን ሁሉ ያስታውስ ነበር። ሰሙና እንጨቱ ከውኃ የቀለሉ ስለ ነበሩ መርከቢቱ ሳትሰጥም ቀረች። አዛዡ ኒውተንን እንደ ዮናስ ቈጥሮ መከራው ሁሉ በአንተ ምክንያት መጣ እያለ ይወቅሰው ነበር። ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ የመጨረሻው ምግብ በድስት ውስጥ ሲፈላ፣ በአየርላንድ ሰሜናዊ ጠረፍ ወደ ሎክ ስዊሊ ገቡ። ኒውተን ያን የማዕበል ቀን እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ በጸሎት ያከብረው ነበር።

ያማረው ታሪክ እዚህ ላይ ይፈጸማል። እውነተኛው ግን ይቀጥላል።

በዚያው ዓመት ኒውተን ብራውንሎ በምትባል የባሪያ ንግድ መርከብ ላይ የአዛዡ ምክትል ሆኖ ወደ አፍሪካ ተመለሰ። የጊኒ ጠረፍ ላይ በደረሰ ጊዜ በማዕበሉ ውስጥ የተሳለውን ስእለት ረስቶ እንደ ቀድሞው ኖረ። በዚያው በፕላንቴን ደሴት ንዳድ ያዘው፤ ኅሊናውም ተነሣበት። ከአልጋው ተነሥቶ ሰው ወደማያየው ስፍራ ሄደና ከእንግዲህ ስእለት አልሳልም፣ የወደድኸውን አድርግብኝ ብሎ ራሱን ለእግዚአብሔር ሰጠ። ሰላምም አገኘ። ከዚያ ስፍራ ተነሥቶ ግን በጀልባ ከወንዝ ወደ ወንዝ እየዞረ ሰዎችን መግዛቱን ቀጠለ። ታስረው ያበሉትን ሰዎች የመሰሉ ሰዎችን፣ ባበሉት በዚያው አገር ይገዛ ነበር።

በ1750 ዓ.ም. ሜሪን አገባ። በዚያው ዓመት ራሱ የመርከብ አዛዥ ሆነ፤ እስከ 1754 ዓ.ም. ድረስም ሦስት ጊዜ ባሪያዎችን ከአፍሪካ ወደ ምዕራብ ህንድ ደሴቶች አጓጓዘ። እሑድ እሑድ መርከበኞቹን ሰብስቦ ጸሎት ያደርግ ነበር፤ ከመርከቡ ወለል በታች ደግሞ ወንዶች በሰንሰለት ተቆራኝተው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተጨናንቆ፣ ብዙዎችም በተቅማጥና በንዳድ እየሞቱ ይተኙ ነበር። አመፅ ሊነሣ ነው ብሎ በጠረጠረ ጊዜ ልጆችን በብረት አሳስሮ አውራ ጣታቸውን በመጭመቂያ አስጨምቋል። ይህን በራሱ የመርከብ መዝገብ ላይ በእጁ ጽፎታል። ኅሊናው አልወቀሰውም፤ በዚያ ዘመን በአገሩ የተከበረ ሥራ ነበርና። በ1754 ዓ.ም. መርከብ ሊያሳፍር ሁለት ቀን ሲቀረው በድንገት ራሱን ስቶ ወደቀ፤ በዚህም ሕመም ምክንያት ባሕሩን ተወ። የተወው በንስሐ እንዳልነበረ ልብ እንበል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች፣ እንዲህ ከሆነማ በማዕበሉ ቀን የተደረገለት ምሕረት ከንቱ ነበር ይላሉ። እኛ እንዲህ አንልም። እግዚአብሔር ኒውተንን የወደደው ታማኝነቱን አስቀድሞ አይቶ ቢሆን ኖሮ ገና በፕላንቴን ደሴት ላይ ይተወው ነበር። ነቢዩ ሆሴዕ ከዳተኛይቱን ሚስት ደጋግሞ እንዲወድ በታዘዘ ጊዜ፣ ሴቲቱ ከመጀመሪያው መመለስዋ በኋላ እንከን የለሽ እንደምትሆን የተስፋ ቃል አልተሰጠውም። ሉተርም አማኝ በአንድ ጊዜ ጻድቅም ኃጢአተኛም ነው ብሎ ሲያስተምር ስለ ጥቃቅን ስሕተት ብቻ አልተናገረም። ኒውተን ይቅር የተባለው፣ ይቅር ሊባልለት ከሚገባው ነገር የሚበልጠውን ገና ሳያውቀው ነበረ። በሌላ በኩል ግን የእግዚአብሔር ትዕግሥት ለኒውተን ሕይወት ሲሆን፣ ከመርከቡ በታች ለታሰሩት ሰዎች ሰንሰለታቸውን አልፈታላቸውም፤ በባሕር የተጣሉትንም አልመለሰላቸውም። ይህን ሳንሸሽግ መናገር አለብን፤ ይህን የሚሸሽግ ስብከት ምሕረትን ርካሽ ያደርገዋል።

ከ1755 ዓ.ም. ጀምሮ በሊቨርፑል ወደብ የጉምሩክ ሹም ሆኖ ሲሠራ ግሪክና ዕብራይስጥ ተማረ፤ በ1764 ዓ.ም. በኦልኒ ከተማ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሆኖ ተሾመ። እናቱ የተመኘችው ከሞተች ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ተፈጸመ።

በኦልኒ ባለ ቅኔው ዊልያም ኩፐር ወዳጁ ሆነ። ኩፐር ብርቱ የአእምሮ ሕመም ነበረበት፤ በ1773 ዓ.ም. መጀመሪያ እግዚአብሔር ለዘላለም ጥሎኛል ብሎ ተስፋ ቈረጠ፣ ከዚያም በኋላ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ተወ። ኒውተን ይህን ወዳጁን ከአንድ ዓመት በላይ በራሱ ቤት አስቀምጦ አስታመመው። አልገሠጸውም፣ አላባረረውምም። ብዙ ሰባኪዎች በቃል የሚናገሩትን ፍቅር እርሱ በቤቱ አደረገው፤ በአገልግሎቱ ሁሉ ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀን ነገር የለም። ያ የጸጋ መዝሙር ለኦልኒ ምእመናን የቀረበው በዚያው በ1773 ዓ.ም. በአዲስ ዓመት ቀን ነበረ። ሁለቱ የደረሷቸው 348 መዝሙሮች በ1779 ዓ.ም. በአንድ መጽሐፍ ታተሙ፤ የሚበዙት የኒውተን ናቸው።

በ1780 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ወደ ቅድስት ማርያም ዉልኖት ቤተ ክርስቲያን ተዛወረ። በ1785 ዓ.ም. መጨረሻ ዊልያም ዊልበርፎርስ የሚባል ወጣት የፓርላማ አባል ሰው እንዳያየው እየፈራ ወደ እርሱ መጣ፤ ልቡ ወደ እግዚአብሔር ስለ ተመለሰ ፖለቲካውን ይተው እንደ ሆነ ሊጠይቀው ነበር። ኒውተን በዚያው በምክር ቤቱ እንዲያገለግል መከረው። ዊልበርፎርስም የባሪያ ንግድን ለማስቀረት ተነሣ።

በ1788 ዓ.ም. ኒውተን ስለ አፍሪካ የባሪያ ንግድ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ አሳተመ። ባሕሩን ከተወ ሠላሳ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። በዚያ መጽሐፍ ያየውንና ያደረገውን ጻፈ፤ ኑዛዜው እጅግ የዘገየ መሆኑንም አልሸሸገም፣ በእፍረትም አመነ። በንጉሡ አማካሪዎችና በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊትም ቀርቦ መሰከረ። የተከበረ ሽማግሌ ቄስ፣ ዝም ቢል ማንም የማይጠይቀው ሰው፣ የገዛ ስሙን አጐደፈ። እንዲህ ለመናገር ያስቻለው ምን እንደ ሆነ ስናስብ፣ በይቅርታው የተማመነ ሰው ብቻ ኃጢአቱን በሙሉ ስሙ ሊጠራ ይችላል እንላለን፤ ፍርድን የሚፈራ ሰው ግማሹን ይሸሽጋልና።

እኛ በአፍሪካ ቀንድ የምንኖር ይህን እንደ ሩቅ አገር ወሬ ልናነበው አንችልም። በቀይ ባሕርም መርከቦች ሰው ጭነው ተመላልሰዋል። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐመልን ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ የተሸጠ፣ በ1870 ዓ.ም. በምጽዋ ነጻ የወጣ ሰው ነበር። የኒውተን መርከብ ከጫነቻቸው መካከል ስንት ኦኔሲሞስ እንደ ነበረ እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል።

ኒውተን በመጨረሻ ዘመኑ ዓይኑ ፈዘዘ፣ ትዝታውም ደከመ፤ ከሰማንያ ዓመቱ በኋላም ይሰብክ ነበር። በመጋቢት 1807 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፓርላማ የባሪያ ንግድን በሕግ ከለከለ። ኒውተን ይህን ሰምቶ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 21 ቀን ዐረፈ። ለመቃብሩ የሚሆነውን ጽሑፍ አስቀድሞ ራሱ አዘጋጅቶት ነበር፤ በእርሱም ላይ ክህደቱን፣ በአፍሪካም ከባሪያዎች በታች ወርዶ ያገለገለበትን ዘመን እንዲጽፉለት አዘዘ። ዐፅሙ በ1893 ዓ.ም. ከሚስቱ ከሜሪ ዐፅም ጋር ወደ ኦልኒ ተወስዶ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ተቀበረ።