ዋለልኝ መኮንን፦ የወይዘሮ ስሂን ተማሪ እና ያላለቀው ክርክር

ደሴ ውስጥ ቡና ይዛችሁ የዋለልኝ መኮንንን ስም ብታነሱ ጠረጴዛው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። ገሚሱ ጀግና ነው ይላል፣ ገሚሱ አገር አፍራሽ። ጽሑፉን ያነበበ ማነው ስትሉ ግን ዝም ዝም ነው።

ዋለልኝ የወሎ ልጅ ነው። እዚሁ ደሴ፣ ወይዘሮ ስሂን ተምሮ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ፖለቲካል ሳይንስ አጠና። ተማሪው ከ1957 ጀምሮ መሬት ላራሹ እያለ አደባባይ የሚወጣበት ዘመን ነበር።

ህዳር 1962 ላይ ስትራግል በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ጻፈ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥቂት ገጽ ብቻ። ኢትዮጵያ የብዙ ብሔሮች አገር ሆና ሳለ፣ ኢትዮጵያዊ ለመባል የአማራን ቋንቋና ባህል መልበስ ግድ ሆኗል አለ። ይህን ያለው ደግሞ ራሱ አማራ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው ክፍል አለ። ዋለልኝ መገንጠልን በራሱ ግብ አላደረገውም። የሚመዝነው ትግሉን የሚመራው ማነው በሚለው ነው፤ የአካባቢ ባላባት ከሆነ አይደግፍም። መድረሻው ብሔሮች እኩል የሚሆኑበት ሶሻሊስት መንግሥት፣ መንገዱ ደግሞ የትጥቅ ትግል ነበር።

ጽሑፉ በወጣ በወሩ፣ ታህሳስ 19 ቀን 1962፣ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በወረቀት የሚያበቃ አልሆነም። ህዳር 29 ቀን 1965 ዋለልኝ፣ ማርታ መብራህቱና ጓደኞቻቸው፣ በጠቅላላ ሰባት ወጣቶች፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን ለመጥለፍ ሞከሩ። አውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩ የጸጥታ ሰዎች ተኮሱባቸው። ከሰባቱ ስድስቱ ሞቱ። ዋለልኝ ገና በሃያዎቹ ውስጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየም። ወሎ በረሃብ አለቀ፤ በ1966 አብዮቱ ፈነዳ፤ የካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። እሱ ያነሳው ጥያቄ ደግሞ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ሆኖ ተጻፈ።

እኔ በሁሉም አልስማማም፣ በተለይ በጠመንጃው መንገድ። እሱንም ጓደኞቹንም የበላው ያ ነው። ግን ጥያቄው ዛሬም ስልካችን ላይ በየቀኑ ያጣላናል። መሳደቡም ማወደሱም ይደርሳል፤ መጀመሪያ እናንብበው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።