ጌታቸው መኩሪያ

ጌታቸው መኩሪያ (መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. – መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የቴነር ሳክስፎን ተጫዋች ነበሩ። በይበልጥ የሚታወቁት በድምፅ ይወጣ የነበረውን ሽለላ በሳክስፎን በመጫወታቸው ነው። ከሰባ ዓመት ዕድሜያቸው በኋላም ዘ ኤክስ ከተባለው የኔዘርላንድስ የሙከራ ሮክና ፐንክ ባንድ ጋር ሁለት አልበሞች ሠርተዋል። በዚህ ሥራ በአገር ውስጥ ባንዶች ለሃምሳ ዓመታት ያህል ሲጫወቱት የኖሩት ስልት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መድረኮች አዲስ አድማጭ አግኝቷል።

የመጀመሪያ ዘመን

ጌታቸው የተወለዱት በሰሜን ሸዋ በይፋት ነው። ሙዚቃን የጀመሩት እንደ ብዙ የአገራችን ሙዚቀኞች በክራርና በማሲንቆ ሲሆን፣ ቆይተው ወደ ክላርኔትና ወደ ሳክስፎን ተሻግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1949 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ውስጥ መጫወት ጀመሩ።

በዚያን ጊዜ የነፋስ መሣሪያ ያላቸው ባንዶች በዋነኛነት በመንግሥት ተቋማት ሥር ይደራጁ ነበር። መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶችን ከኢየሩሳሌም ባስመጡና በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነፋስ መሣሪያ ባንድ ባቋቋሙ ጊዜ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊትና ጦር ሠራዊት የየራሳቸው ባንድ ነበራቸው። በነዚህ ባንዶች ሙዚቀኛው ኖታ ማንበብና ከጓደኞቹ ጋር በአንድነት መጫወት ይማር ነበር። ሳክስፎንና ትራምፔት ብዙውን ጊዜ ዘፋኙን የሚያጅቡ እንጂ ብቻቸውን ጎልተው የሚወጡ አልነበሩም።

ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር ወደሚባለው) ባንድ ተዛወሩ። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ የፖሊስ ኦርኬስትራን ተቀላቀሉ። ይህ ኦርኬስትራ እንደ ሂሩት በቀለ ያሉ ታዋቂ ድምፃውያን የወጡበት ነው።

ሽለላን ወደ ሳክስፎን

ሽለላ ተዋጊው ወደ ጦርነት ሲሄድ ወይም ድል አድርጎ ሲመለስ ጀግንነቱን፣ ዘሩንና ጠመንጃውን እያወደሰ የሚያሰማው ዜማ ነው። ፉከራው በንግግርና በጩኸት የሚወጣ ሲሆን ሽለላው ይዘፈናል። ሸላዩ በአንድ ከፍ ያለ ድምፅ ላይ ቆሞ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይስበዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ከዚያም በድንገት ወደ ታች ይወርዳል። ዜማው በቋሚ ምት አይታሰርም፤ የሚመራው በሸላዩ ትንፋሽና በስሜቱ ነው።

ጌታቸው ይህንን በመሣሪያ መሞከር የጀመሩት በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ነው። ሳክስፎኑ የሰው ጉሮሮ እንዲመስል ድምፁን ያሻክሩታል፤ ረጅሙን ኖታ ሰፋ አድርገው ያርገበግቡታል፤ በቃላት ምትክ ፈጣን የኖታ ጎርፍ ያፈሳሉ። በመድረክም አንዳንድ ጊዜ እንደ ጥንት ጀግኖች የአንበሳ ጎፈር በራሳቸው ላይ ደፍተውና ለምድ ደርበው ይቀርቡ ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ሥራቸውን የሰሙ የውጭ ሐያሲዎች እንደ ኦርኔት ኮልማንና አልበርት አይለር ካሉ የአሜሪካ የፍሪ ጃዝ ተጫዋቾች ጋር አነጻጽረዋቸዋል። ሆኖም የጌታቸው ስልት የተወለደው ፍሪ ጃዝ የሚለው ስም ከመታወቁ በፊት ነው። ምንጩም ጃዝ ሳይሆን ሽለላ ነው። ሁለቱ የሚመሳሰሉት መሣሪያው እንደ ሰው እንዲጮህ በመፍቀዳቸውና ከቋሚ ምት በመውጣታቸው ነው።

የሸክላ ዘመን እና ከዚያ በኋላ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጌታቸው የሳክስፎን ሥራዎቻቸውን የያዘ ሙሉ ሸክላ በፊሊፕስ ኩባንያ አሳተሙ። የዘፈን ግጥም ዋናውን ቦታ በያዘበት ገበያ ያለ ድምፃዊ፣ በመሣሪያ ብቻ አንድ ሙሉ ሸክላ ማውጣት ብዙ ያልተለመደ ነበር።

ይህ ዘመን ብዙ አልቆየም። ከ1966ቱ (ዓ.ም.) አብዮት በኋላ በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ገደብ የአዲስ አበባን የምሽት ሕይወት አቀዘቀዘው። ሸክላ ማተም ቀርቶ ካሴት ተተካ፤ ብዙ ሙዚቀኞችም ተሰደዱ። ቀስ በቀስም ትልልቆቹን የነፋስ መሣሪያ ጓዶች ጥቂት ሰዎች የሚይዙት የኪቦርድ ባንድ ተካቸው። በዚህ ለውጥ የሳክስፎን ተጫዋች ቦታ ጠበበ። ጌታቸው ግን በአገራቸው ቆይተው መጫወታቸውን ቀጠሉ።

የቀድሞ ሥራቸው እንደገና የተሰማው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀውና በፈረንሳይ በሚታተመው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ የሲዲ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 14ኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ ለጌታቸው የተሰጠ ሲሆን፣ ርዕሱ የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ የሚል ትርጉም አለው። በቀጣዩ ዓመት በአዲስ አበባ በተካሄደ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ኢዘር ኦርኬስትራ ከተባለው የቦስተን ጃዝ ባንድ ጋር ተጫውተዋል። ይህም ቅጂ በዚያው ተከታታይ በ20ኛው ቅጽ ወጥቷል።

ከዘ ኤክስ ጋር

ዘ ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1979 በኔዘርላንድስ የተመሠረተ ባንድ ነው። በፐንክ ቢጀምርም ከጃዝና ከልዩ ልዩ አገሮች ባህላዊ ሙዚቃ ጋር እየተቀላቀለ የራሱን መንገድ ፈጥሯል። አባላቱ ጊታርን ዜማ ብቻ ለማውጣት ሳይሆን እንደ ከበሮም ይጠቀሙበታል። የተጣረሰ ድምፅ አይሸሹም፤ አንድን አጭር ሐረግ ደጋግመው እየመቱ ኃይል ይገነባሉ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ኮንሰርቶች አቅርቧል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ዘ ኤክስ 25ኛ ዓመቱን በአምስተርዳም ሲያከብር ጌታቸውን በእንግድነት ጋበዘ። ከዚያ በኋላ ጌታቸው ራሳቸው ከባንዱ ጋር አዲስ አልበም መሥራት እንደሚፈልጉ ገለጹ። በዚያን ጊዜ ለቆዩ የኢትዮጵያ ሙዚቀኞች የተለመደው ግብዣ የድሮ ሥራቸውን በድሮው አኳኋን እንዲደግሙ ነበር። ጌታቸው ግን የድሮውን ድምፅ ከሚያስመስል ባንድ ይልቅ ለሽለላ ጩኸት የሚመጥን ጉልበት ያለውን ባንድ መረጡ።

ሞዓ አንበሳ

የዚህ ውጤት የሆነው ሞዓ አንበሳ የተባለው አልበም እ.ኤ.አ. በ2006 ቴርፕ በተባለው አሳታሚ ወጣ። ርዕሱ የግእዝ ሲሆን አንበሳ አሸነፈ ማለት ነው፤ ሐረጉ የኢትዮጵያ ነገሥታት የማዕረግ መጠሪያ መነሻ ሆኖ ይታወቃል። በአልበሙ ላይ ጊታሪስቶቹ ቴሪ ሄሰልስና አንዲ ሙር፣ ከበሮ መቺዋ ካተሪና ቦርነፌልድና ድምፃዊው ጂ. ደብሊው. ሶክ ይገኛሉ። ከነሱ ጋር ካናዳዊው የአልቶ ሳክስፎን ተጫዋች ብሮዲ ዌስት፣ ፈረንሳዊው ክላርኔት ተጫዋች ዣቪየ ሻርልና ሆላንዳዊው ትሮምቦን ተጫዋች ዮስት ባውስ ተሳትፈዋል።

ለሥራው ዋናው ፈተና ሽለላ ነጻ ምት ያለው መሆኑ ነበር፤ የሮክ ባንድ ደግሞ በከበሮ ምት ይታሰራል። በአልበሙ ውስጥ ባንዱ ቋሚውን ምት ይዞ ይቆያል፤ ሳክስፎኑ ግን በላዩ ላይ እንደ ሸላይ ቀድሞም ዘግይቶም ይሄዳል። ጊታሮቹ የአጃቢነቱን፣ ሳክስፎኑ ደግሞ የዘፋኙን ቦታ ይዘዋል። በማዘጋጃ ቤቱና በቴአትር ቤቱ ባንድ ዘመን ዘፋኙን ያጅብ የነበረው መሣሪያ እዚህ ዋና ተናጋሪ ሆኗል። ከሥራዎቹ መካከል ቼ በለው የተባለው ሽለላና ከዋልያስ ባንድ የሚታወቀው ሙዚቃዊ ስልት ይገኙበታል።

አልበሙን ተከትሎ ጌታቸውና ዘ ኤክስ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብዙ ኮንሰርቶች አቅርበዋል። የፈንድቃ የባህል ማዕከል መሥራች የሆነው ተወዛዋዥ መላኩ በላይም በጉዞዎቻቸው ላይ አብሯቸው ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በኒው ዮርክ በሊንከን ሴንተር በተዘጋጀው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ምሽት ላይ ማሕሙድ አሕመድና ዓለማየሁ እሸቴ በቀረቡበት መድረክ ጌታቸውም ከዘ ኤክስ ጋር ተጫውተዋል።

ያንበሳው ትዝታ

ሁለተኛው የጋራ አልበም ያንበሳው ትዝታ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያው አሳታሚ ወጣ። ጌታቸው በወቅቱ ሰባ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። የመጀመሪያው አልበም ርዕስ የድል ቃል ሲሆን የሁለተኛው ወደ ትዝታ ያዘነብላል። ሆኖም የሳክስፎኑ ሻካራ ድምፅና ሰፊ እርግብግቢት እንዳለ ነው።

ህልፈትና ቅርስ

ጌታቸው መኩሪያ በ81 ዓመታቸው መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. አርፈዋል።

በኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ የሳክስፎን ሽለላ ከስማቸው ጋር ተያይዞ ይጠራል። ከዘ ኤክስ ጋር የሠሯቸው አልበሞች ደግሞ ለወጣት ሙዚቀኞች ሌላ ነገር ያሳያሉ። በሁለቱ አልበሞች ጌታቸው የአጨዋወት ስልታቸውን ለሮክ ብለው አልቀየሩም፤ ባንዱም የኢትዮጵያን የድሮ ኦርኬስትራ ለመምሰል አልሞከረም። ሁለቱም የየራሳቸውን ድምፅ ይዘው የተገናኙት በሽለላው ኃይልና በነጻነቱ ላይ ነው።